ሐይቅ እስጢፋኖስ ከእናቴና ከልጄ ጋር፦ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጦሳ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ቧንቧ ውኃ ነው፤ አሁን ሥራዬም ኑሮዬም ኮምቦልቻ ሆኗል። ወደ ወልድያ በተጓዝኩ ቁጥር የሐይቅ ውኃ በስተቀኝ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ወርጄ ዳርቻው ላይ ቆሜ ግን አላውቅም።

ዘንድሮ ለመሄድ የቆረጥኩት በሁለት ሰዎች ምክንያት ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ በኩፍኝ ታምሜ ተስፋ ሲቆረጥብኝ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጃንጥላ ተስላ ነበር። እኔ ዳንኩ፤ ስእለቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል 36 ዓመት ቆየ። አሁን ጃንጥላውን ገዝታ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጣዋለች። እኔ ቤት በገባሁ ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች እንጂ ምንም አትለኝም።

ልጄ ደግሞ 10 ዓመቷ ነው፤ ነፍሷ ከወፍ ጋር ነው። ግቢያችን ውስጥ ያረፈውን ሁሉ በደብተር ትመዘግባለች፤ ስሙን ያላወቀችውን ትሥለዋለች።

ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ አውቃለሁ፤ እናቴም ታውቃለች። የሚከብደኝም ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀች ሴት በር ላይ ቆማ እኔ ጃንጥላዋን ይዤ ልገባ ነው። በዚያ ሰዓት እሷና ልጄ የት ይቀመጣሉ? ምን ያያሉ? ወፎቹስ የት አካባቢ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚታዩት? ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ለመሄድ አስበናል። የሄዳችሁበት ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ።

የውኃ ዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:25

ወንድሜ፣ እንኳን አሰብከው። እኔ ሐይቁ ያለበት የተሁለደሬ ወረዳ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በዚያ ውኃ ላይ ዓሣ አጥምዶ ነው ያሳደገን።

ከኮምቦልቻ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አታድርጉት። ኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ ከደሴ ሐይቅ ከተማ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በኪሎ ሜትር ሲታይ ቀላል ነው፤ እናትህን ግን በሌሊት ቀስቅሰህ አታንገላታት። ዋዜማውን ደሴ እደሩና ጎሕ ሲቀድ ከመናኸሪያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ውጡ። ሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ካፖርት ከያዛችሁ አውልቃችሁ የምታስቀምጡበት ቦርሳ ይኑራችሁ፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ውኃው ግን 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ወጣ ስትል ይሞቃል።

በማለዳ ያልኩህ ለመንገዱ ብዬ ብቻ አይደለም። ሐይቁ ጠዋት እንደ መስታወት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ውኃው ይታወካል፣ ወፉም ፊላና ቄጠማው ውስጥ ይገባል። እኛ ልጆች ሳለን «ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ይቆጣል» ይሉን ነበር። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ በከተማው ውስጥ ቁርስ በመፈለግ አታጥፉት፤ ቆሎና ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ማታውኑ ከመናኸሪያ ሰዎች ጠይቁ። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ሳይጠይቁ የሚወጣበት ጊዜ አይደለም።

ሰሎሜ ዘአራዳ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:02

ስለ እናትህ እኔ ልመልስልህ፤ በር ላይ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከወንድሜ ጋር ሄድኩ። እሱ ገባ፣ እኔ ቀረሁ። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ሕጉን ሳላውቅ የሄድኩ አይደለሁም፤ ግን ማወቅና በሩ ላይ መቆም ይለያያሉ። ወንድምህ ጀርባውን ሰጥቶህ በዛፎቹ መካከል ሲጠፋ ታየዋለህ፤ አንተ ጫማህን እያየህ ትቀራለህ።

ከዚያ እዚያው አካባቢ ወዳለው የሴቶች ገዳም ሄድኩ። መነኮሳዪያቱ በርበሬ አስጥተው ነበር። አንዲት እናት ከየት እንደመጣሁ ሳትጠይቀኝ ቆሎ ዘግና በእጄ ላይ አፈሰሰችልኝና «ተቀመጪ፣ ደክሞሻል» አለችኝ። በኋላ ወደ ውኃው ወርጄ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከእኔ 20 እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ግራጫ ሽመላ እግሮቹን ነክሮ ቆሟል። ወንድሜ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ሽመላው በዚያ ሁሉ ጊዜ የተንቀሳቀሰው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ዓሣ ይዞ ነበር። ወንድሜ ያየውን ሲነግረኝ እኔም የምነግረው ነበረኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጃንጥላውን አንተ ይዘህ አትግባ። በሩ ላይ ሆነህ «እናቴ ስእለት ይዛ መጥታለች» ብለህ ከአባቶች አንዱን አስጠራ። ወጥተው ከእጇ ይቀበሏታል፤ ይባርኳታልም። 36 ዓመት የጠበቀችው እሷ ናትና የምትሰጠውም እሷ ትሁን። ለሴቶቹ ገዳም ደግሞ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ቡናና ስኳር ያዙ፤ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

የጦሳ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:30

እህቴ ሰሎሜ፣ ይህን ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእጇ ይቀበሏታል የሚለው አሳብ ጨርሶ አልመጣልኝም ነበር። አሁኑኑ ለእናቴ ደወልኩላት። ዝም አለችና «ጃንጥላው አቧራ እንዳይነካው በምን እንጠቅልለው?» አለችኝ።

ጡረተኛ መምህር
እሑድ፣ ከረፋዱ 4:15

ልጄ፣ እናትህን እንኳን አበቃት በልልኝ። ለልጅህ የምታወራላት እንዲኖርህ ስለ ቦታው ጥቂት ልጻፍ። በደሴ ትምህርት ቤቶች 31 ዓመት ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ሮም ሲያወሩኝ ከአፍንጫቸው ሥር ያለውን ሐይቅን የማያውቁ መሆናቸው ሁልጊዜ ያንገበግበኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ የተተከለው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ድልነዓድ ጊዜ ነው የሚል ትውፊት አለ። ቦታውን ታላቅ ያደረጉት ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ዳህና ተወልደው፣ ደብረ ዳሞ ላይ በአባ ዮሐኒ እጅ መንኩሰው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደዚህ ውኃ መጡ። የመጡት ብቻቸውን ለመጸለይ ነበር፤ ሰው ግን አልተዋቸውም። ደቀ መዛሙርት ተሰበሰቡ፣ መጻሕፍት ይገለበጡ ጀመር፣ ገዳሙ የአገር ትምህርት ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው ለዓመታት የተማሩት እዚህ ነው። በጣና ላይ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስም ከሐይቅ በሄዱት በአባ ሂሩተ አምላክ እንደተመሠረተ ይነገራል፤ የስሙን መመሳሰል ልብ በሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዚሁ ደጅ ተምረዋል። ሥልጣኑም ቀላል አልነበረም፤ የሐይቅ መምህር «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ጋር ይቀመጥ ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ብራና ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በውስጡ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። አስቡት፤ ከ700 ዓመት በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «እነዚህ እነዚህ መጻሕፍት አሉን» ብሎ ቆጥሮ ጽፏል። ልጅህ ወፎቹን በደብተር እንደምትመዘግበው ማለት ነው። ብራናውን አባቶች ካሳዩአችሁ እሰየው፤ ካላወጡላችሁ ግን አትከፉ፣ አትለምኑም። እንዲህ ያለ ነገር በየዕለቱ ቢወጣ ኖሮ ለእኛ አይደርስም ነበር።

ጊዜ ከተረፈ ወደ ሰሜን ብትቀጥሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌ አለች። እኔ ብሆን ግን ሁለቱን በአንድ ቀን አላደርጋቸውም።

ቀና መንገድ
እሑድ፣ ከቀኑ 7:40

መምህር፣ አክብሮቴ የላቀ ነው። አንድ ነገር ግን ግልጽ ቢያደርጉልኝ። እኔ በልጅነቴ የተማርኩት «ሐይቅ እስጢፋኖስ በደሴት ላይ ያለ ገዳም» ተብሎ ነው። ባለፈው ዓመት ስሄድ ግን በደረቅ መሬት ላይ በእግሬ ነው የገባሁት። በመጽሐፍ የተጻፈው ስሕተት ነው?

ጡረተኛ መምህር
እሑድ፣ ከቀኑ 9:05

ስሕተት አይደለም ልጄ፤ ውኃው ነው የሸሸው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙን ሲያይ ደሴት ላይ ነበር። ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዞ ሦስት ወገኑ ውኃ፣ አንድ ወገኑ መሬት ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም «ደሴቱ» ይሉታል፤ እኔም እንደ እነርሱ ነው የምለው።

ዘሃራ ከገራዶ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1:20

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሞችና እህቶች። መምህር ታሪኩን ተናገሩ፤ እኔ ደግሞ አያቴ ማታ ማታ ትነግረን የነበረውን ልጨምር።

በጥንት ጊዜ በዚያ ቦታ ላይ ውኃ አልነበረም፤ ሰው የሚኖርበት ለምለም አገር ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ድኻ ሴት ነበረች። የንጉሥ ልጅ በደለቻት። ሴቲቱ የሚፈርድላት አጣችና ተቀምጣ ወደ ሰማይ አለቀሰች። አላህም ተቆጥቶ እሷ ከተቀመጠችበት ስፍራ በቀር ምድሩን ሁሉ ውኃ አደረገው። በዳዮቹ ሰመጡ፤ እሷ የተቀመጠችበት መሬት ደሴት ሆኖ ቀረ። ያ ነው ዛሬ ገዳሙ ያለበት። አያቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የነፍሰ ጡር እንባ» ትልና ዝም ትላለች።

ይህን ታሪክ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ነው የሚያወራው። ወንድሜ የጦሳ ልጅ፣ ለእናትህ ንገራት። የሴት እግር የማይረግጠው ደሴት በአንዲት ሴት ምክንያት የቆመ ነው ብለን ያደግን አለን።

አርዲቦ የሚባለውን ሐይቅም አትርሱ። ከሐይቅ በደቡብ ምሥራቅ ያለ ታናሽ ወንድሙ ነው። ከእሱ የሚወጣው ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቅ ግን ከተቀበለው ውኃ የሚያወጣው ወንዝ የለውም። አክስቴ ያገባችው በዚያ ወንዝ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። ልጆች ሳለን ክረምት ሲወጣ እዚያ እንላክ ነበር። መስኖ የገባበት ማሳ፣ የሸንኮራ አገዳ አጥር፣ በሬ ጀርባ ላይ የሚቀመጡ ነጫጭ ወፎች፤ ዓይኔ ላይ አለ። አርዲቦ ዳር መኪናም ሰውም ብዙ አይደርስም፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ይሻላል።

የወፍ ማስታወሻ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:50

የልጅቷ ነገር ልቤን ነካው። በእሷ ዕድሜ ደብተር የሚሰጠኝ ባገኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ላለፉት 12 ዓመታት በወሎ ውስጥ ወፍ ስመለከት ቆይቻለሁና የምታየውን ልንገራት።

ገና ከደሴ ሳትወጡ ትጀምር። ጠዋት በጣራዎች ላይ እየጮኸ በመንጋ የሚያልፍ፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታይበት ትልቅ ጠቆር ያለ ወፍ አለ። ሰው ሁሉ በጩኸቱ ይማረራል። ያ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የምታርፈው፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ያላት እርግብም እንዲሁ የእኛ ብቻ ናት። ሰዎች ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡላቸውን ወፎች እኛ በድንጋይ እናባርራቸዋለን።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ዛፍ ጫፍ ተመልከቱ። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ቡናማ የሆነ ንስር ካለ ዓሣ የሚበላው ንስር ነው። ብዙ ጊዜ ጥንድ ናቸው። አንዱ አንገቱን ወደ ኋላ ወርውሮ ሲጮኽ ሌላው ይቀበለዋል። ያን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ክንፉን እንደ ልብስ ዘርግቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ጥቁር ወፍ ካየች ታሞ አይደለም። ጠልቆ ነው ዓሣ የሚይዘው፤ ላባው ደግሞ እንደ ዳክዬ ላባ ውኃ አይገፋም። ሲርሰው ጥሩ አድርጎ ይጠልቃል፤ ሲወጣ ግን ማድረቅ አለበት። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ሆኖ ከውኃው በላይ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ክንፉን የሚያርገበግበውና ድንገት እንደ ድንጋይ የሚወድቀው ደግሞ ሌላ ዓሣ አጥማጅ ነው። እሱን ስታይ እስትንፋሷን ትይዛለች።

ዛፍ ቅርንጫፍ መሐል የጭራሮ ክምር የሚመስል፣ የመንኰራኩር ያህል ትልቅ ጎጆ ካገኛችሁ ቁሙ። ባለቤቱ ከዶሮ የማይበልጥ ቡናማ ወፍ ነው፤ ከራሱ በስተኋላ ያለው ጉትዬ ከምንቃሩ ጋር ሆኖ መዶሻ ያስመስለዋል። ያ ጎጆ ጣራ አለው፣ ውስጡ በጭቃ ተለስኗል፣ ሰው ቢቆምበት የማይደረመስም አለ። ባልና ሚስት ለሳምንታት ጭራሮ ሲያመላልሱ ነው የሚሠሩት።

የመረጣችሁት ጊዜ ጥሩ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ከብቶች እግር ሥር የምትሮጥ፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ቢጫ ወፍ ካየች ስንት አገር አቋርጣ እንደመጣች ንገራት።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልናገር። ወሎ ውስጥ ወፍ ስፈልግ ካርታ አልይዝም። ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ባየሁበት እሄዳለሁ፤ እዚያ ስደርስ ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ የደገኛ ሼኽ መቃብር ያለበት መስጊድ። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው የተረፈው አንድ ሰው «እዚህ መጥረቢያ አይነሣም» ስላለ ነው። ሰሎሜ ያየችው ሽመላ ያለ ስጋት የቆመው ቦታው ገዳም ስለሆነ ነው። እኔ የቅርስ ጉብኝትና የወፍ ጉብኝት የሚባሉትን ለይቼ አላያቸውም።

ባይኖኩላር ከሌላችሁ አትጨነቁ። ደማቅ ልብስ አትልበሱ፣ ድምፅ ዝቅ ይበል፣ አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

ተጓዥ 21
ሰኞ፣ ከረፋዱ 5:30

ሁላችሁም ጥሩ ጥሩውን ጻፋችሁ። እኔ የገጠመኝን ልናገርና ቤተሰቡ ይጠንቀቅ። ባለፈው በበዓል ማግስት ሄደን ነበር። አንዱ ጀልባ ነጂ ሲያሳፍረን የነገረንና ስንወርድ የጠየቀን ገንዘብ እጥፍ ነበር። ከዚያ የባሰው ግን፣ የወፍ መንጋ ባየ ቁጥር ሞተሩን አስጩኾ ይገባበት ነበር፤ «ሲበሩ ያምራሉ፣ ፎቶ አንሡ» እያለ። የተሳፈረው ሰው ያጨበጭባል። አንዲት ዳክዬ ጫጩቶቿን በትና ስትሸሽ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ አልጣመኝም። ዳርቻው ላይ ደግሞ የጫት ገራባና የውኃ ፕላስቲክ ከቄጠማው ጋር ተጠላልፎ ነበር።

የውኃ ዳር
ሰኞ፣ ከቀኑ 8:15

ወንድሜ፣ ይህን ስሰማ እንደ አገሩ ልጅ አፈርኩ። ይቅርታ አድርግልን። ሁሉም እንዲህ እንዳይመስላችሁ፤ አሠራሩን የሚያውቁ ጨዋ ልጆች አሉ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ፣ በሰው ፊት፣ «ለስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት» ብላችሁ ተነጋገሩ። «ወፍ ጋ ስንደርስ ሞተር አጥፋልን» ማለትም መብታችሁ ነው፤ እምቢ ካለ አትሳፈሩ። እኔ ብሆን ሽማግሌ ይዤ ጀልባ ላይ አልወጣም ነበር። ውኃው በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳልና መንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ልጅህን አታስቀምጥ።

ዓሣ መብላታችሁ አይቀርም። ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ በዘይት ጠብሰው በአዋዜ ያቀርቡላችኋል። ቀረሶ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ የነበረ አይደለም፤ በ1970ዎቹ ተጨምሮ የተራባ ነው። አባቴ «መጀመሪያ ሲመጣ እንደ እንግዳ ነበር የምናየው» ይለን ነበር። እናትህ በጾም ቀን ዓሣ የማትቀምስ ከሆነች ረቡዕና ዓርብን አስቀሩ።

የጦሳ ልጅ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ሄደን ተመለስን። ምክራችሁን ይዤ ሄጄ ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

ቅዳሜ ማታ ደሴ እህቴ ቤት አደርን። ሌሊቱን እናቴ አልተኛችም መሰለኝ፤ 10 ሰዓት ላይ ስነቃ ነጠላዋን አጣፍታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጃንጥላው በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ጉልበቷ ላይ ነበር። በሚኒባሱም በባጃጁም ለማንም አላስያዘችውም።

በሩ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ገና ከተራራው ብቅ ማለቷ ነበር። ሰሎሜ እንዳለችው አስጠራሁ። ጥቂት ቆይተው ጢማቸው የሸበተ አባት መስቀላቸውን ይዘው መጡ። እናቴ ለመንበርከክ ስትሞክር ጉልበቷ እምቢ አላት፤ እሳቸው ክንዷን ይዘው «ቁሚ እናቴ፣ ቁሚ» አሏት። ጨርቁን ስትፈታ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቋጠሮውን ልፈታላት ስጠጋ በክርኗ ገፋ አደረገችኝ። ጃንጥላውን ከፍተው አዩት፤ ቀይ ነው፣ ዳሩ ላይ ወርቃማ ዘርፍ አለው። «የማን ስእለት ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ መናገር አልቻለችም። በእጇ ወደ እኔ ጠቆመች። አባም መስቀሉን መጀመሪያ ለእሷ፣ ከዚያ ለእኔ፣ ከዚያ ለልጄ አሳለሙን።

«አንተ ግባና ተሳለምልኝ» ስትለኝ ገባሁ። ብራናውን አላየሁም፤ አልጠየቅሁምም። በዛፎቹ መሐል ስሄድ መምህር ያሉት ሰው፣ መጻሕፍቱን ቆጥሮ የጻፈው፣ በአእምሮዬ ይመላለስ ነበር።

ስመለስ አጣኋቸው። ዞር ዞር ብል ውኃው ዳር አንድ ሾላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከሴቶቹ ገዳም የመጣች አንዲት እናትም አብራቸው ነበረች። ዘሃራ የጻፍሽውን ታሪክ እናቴ በመንገድ ላይ ከእኔ ሰምታ ነበር፤ ለመነኮሳዪቱ ስትነግራት ደረስኩ። መነኮሳዪቱ ለካ ታሪኩን ቀድማ ታውቀው ኖሯል፤ እንግዳ ሆና እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

ልጄ 17 ዓይነት ወፍ መዝግባለች። የጭራሮውን ጎጆ አገኘችው። ክንፉን የሚያሰጣውንም አየች፤ «አባዬ፣ አልታመመም እኮ» ብላ አስረዳችኝ። ጀልባ ላይ አልወጣንም። ዓሣውን ግን በላን፤ እናቴ አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ለልጄ አጎረሰቻት።

የወፍ ማስታወሻ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶናል። ልጄ ውኃው ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ የሚራመድ ወፍ አይታለች። ጀርባው ደረቅ ቡና የመሰለ፣ አንገቱ በፊት ነጭ፣ ግንባሩ ሰማያዊ ነው። ጣቶቹ ከመጠን በላይ ረጃጅም ናቸው። ችግሩ ሥዕሉ ላይ ነው። እግሩን ስድስት አድርጋ ሣለችው። «ሁለት ይሆናል፣ በደንብ አላየሽም» አልኳት። «አይደለም፣ ትንንሾቹ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥለው ነበር» ብላ አለቀሰች። እስካሁንም አኩርፋኛለች።

የወፍ ማስታወሻ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ይቅርታ ጠይቃት! ልጅህ በትክክል ነው ያየችው።

ያ ወፍ በረጃጅም ጣቶቹ ክብደቱን ስለሚያከፋፍል ቅጠል ላይ ሲሄድ አይሰጥምም። በእነርሱ ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው አባትየው ነው፤ እናቲቱ ጥላለት ትሄዳለች። አደጋ የመጣ ሲመስለው ወይም ጫጩቶቹ ሲበርዳቸው ቁጢጥ ይልና በክንፎቹ ሥር ይሰበስባቸዋል፤ አቅፏቸው ሲነሣ እግራቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታያል። ከስድስቱ እግር ሁለቱ የእሱ፣ አራቱ የሁለት ጫጩቶች ናቸው። እኔ በ12 ዓመት ውስጥ ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሰሎሜ ዘአራዳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

ጃንጥላውን በእጇ ሰጠች? እሰይ፣ እሰይ። ዛሬ ደስ ብሎኝ አድራለሁ።

የጦሳ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ተኝታ ነበር፤ ቀስቅሼ አነበብኩላት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ተነሥታ ደብተሩን አመጣችና ስሙን ባዶ ትታው ከነበረው ሥዕል ሥር «አባት» ብላ ጻፈች። እናቴ ደግሞ ከወዲያኛው ክፍል ሆና የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ኅዳር 26 በምን ቀን እንደሚውል እየጠየቀችኝ ነው።